ስኮፑ ነው ወይስ እኔ? ዜሮው አልቆም አለኝ

ማለዳ_ወጪ
ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ከተመዘገብኩ ቆይቻለሁ፤ እስካሁን ግን አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ቸግሮኝ ጻፍኩ።

ጠመንጃዬ ባለ ማቀባበያ የአደን ጠመንጃ ነው። ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያቀርብ ስኮፕ ገዝቼ ራሴው ገጠምኩት። ሁለት ቪዲዮ አይቼ «ይሄማ ምን ይከብዳል» ብዬ ነው። ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ዒላማ ላይ ተኮስኩ፣ አስተካከልኩ፣ 100 ሜትር ላይ መሃሉን መታሁ፤ ዜሮ አደረግኩት ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ያው ጠመንጃ፣ ያው ጥይት፣ 9 ሳንቲሜትር ወደ ግራ። እንደገና አስተካከልኩ። ከ10 ጥይት በኋላ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ሸሸ። ባለፈው ቅዳሜ አደን ወጥቼ 120 ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንስሳ ሳትኩ። ጭራሽ አልነካሁትም፤ ቆስሎ ቢያመልጥ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ያን ቀን ዳግመኛ ሳልተኩስ ተመለስኩ።

ስኮፑን ልመልሰው አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት የምሞክረው ነገር አለ?


ብሩጎላ
ሰኞ፣ ማታ 2:41

ቆይ፣ ገና አትመልሰው። ስኮፕ አይበላሽም አልልም። ግን እንዲህ የሚንከራተት ዜሮ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ብሎን ነው። ሁለተኛ የምጠረጥረውም ብሎን ነው።

እስኪ ንገረኝ። ስኮፑን የያዙትን ቀለበቶች ያጠበቅከው በምንድን ነው? ቀለበቶቹ የሚቀመጡበትን ሐዲድ አንተ ነህ የገጠምከው ወይስ ጠመንጃው ላይ ነበር? ከመግጠምህ በፊት ዘይቱን ጠርገሃል?


ማለዳ_ወጪ
ሰኞ፣ ማታ 2:55

በብሩጎላ ቁልፍ ነው (አንተን ማለቴ አይደለም)። እስኪበቃው አጠበቅኩት፤ ከዚያ «ለማንኛውም» ብዬ ትንሽ ጨመርኩበት። ሐዲዱንም እኔው ነኝ የገጠምኩት፣ አራት ብሎን አለው። ዘይት መጥረግ የሚባል ነገር አልሰማሁም። አዲስ ስለሆነ ንጹሕ መስሎኝ ነበር።


ብሩጎላ
ሰኞ፣ ማታ 3:12

አዲስ ሐዲድ ንጹሕ አይደለም። እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። የብሎኑ ጥርስም፣ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳም እንዲሁ። ሁሉም በአልኮል ይጠረጋል።

«ለማንኛውም» ብለህ የጨመርካት ደግሞ ስኮፕ የምታንቀው እሷ ናት። የስኮፕ ቱቦ ስስ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ፤ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ማስተካከያ ስታዞር የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ውጭውን ካነቅከው የውስጡ እንደ ልቡ አይሄድም። አምስት ጠቅታ ታዞራለህ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሁለት ጥይት ስትተኩስ ምቱ ያላቅቀውና ባንድ ጊዜ ይዘላል። ከዚያ አንተ ደግሞ ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ። እንዲህ እያለ ቀኑ ይመሻል፣ ጥይቱም ያልቃል።

የቀለበት ክዳን ብሎን ብዙውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። በኢንች ፓውንድ ለምትቆጥሩ ከ15 እስከ 18 ማለት ነው። ሐዲዱን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘው ብሎን ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። አብሮት የመጣው ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ወረቀቱን ስማ። ለዚህ የሚሆን፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ትንሽዬ ቶርክ ካቻቪቴ አለ፤ ግዛ ወይም ተዋስ። የመኪና ጎማ የሚታሰርበት ትልቁ ቶርክ ሬንች እዚህ አይሠራም። አንድ ሰው በሱ ሞክሮ የብሎኑን ራስ ቆርጦታል። ሰውየው እኔ ነኝ።


ሰነፍ_ዕድለኛ
ሰኞ፣ ማታ 4:20

ኧረ አታካብዱ! የኔን በ10 ደቂቃ ነው የገጠምኩት። ቶርክ የለ፣ አልኮል የለ፣ ውሃ ልክ የለ። አምስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ዕቃውን ቀይረው ወንድሜ፣ ዕድለ ቢስ ስኮፕ ነው የደረሰህ።


የድሮ_አዳኝ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:05

ልጄ፣ ሁሉንም ፍታው። ግማሹን ነካክተህ መፍትሔ አታገኝም፤ የትኛው እንደነበር ሳታውቅ ትቀራለህ።

መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ማቀባበያውን ክፈትና ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንህም በጣትህም እይ። ከዚያ ማቀባበያውን ጨርሶ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። 40 ዓመት ይዤዋለሁ፣ ዛሬም በጣቴ ነው የማረጋግጠው። ጥይቶቹ ሌላ ክፍል ይዋሉ።

ቀጥሎ ስኮፑን አውርድ፣ ቀለበቶቹን አውርድ፣ ሐዲዱን ፍታ። ስትፈታ ልብ ብለህ እየው። ቱቦው ላይ ቀለበቱ የተቀመጠበት ቦታ የተፋቀ መስመር ካለ ስኮፑ በቀለበቱ ውስጥ ተንሸራቷል ማለት ነው። የቀለበቱ ጠርዝ በአንድ በኩል ብቻ ጠልቆ ከገባ ቀለበቶቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ከሐዲዱ ሥር የሚያብለጨልጭ የተፋተገ ቦታ ካየህ ሐዲዱ ራሱ ይነቃነቅ ነበር።

ስትገጥም ሐዲዱን ደረቅ አድርገህ አስቀምጥ። ሐዲዱን በሚይዙት ብሎኖች ላይ አንድ ጠብታ የብሎን ሙጫ፣ ሰማያዊውን፣ ሊፈታ የሚችለውን። ቀዩን እንዳትነካው፤ ለማስፈታት እሳት ትለምናለህ። በቀለበቱ ክዳን ብሎኖች ላይ ግን ሙጫ አታድርግ። እርጥብ ብሎን ከደረቁ ይቀላል፤ ቶርኩ ያው ሆኖ ቱቦውን ይበልጥ ይጨምቀዋል።

ከዚያ የቀለበቶቹን የታች ግማሽ ሐዲዱ ላይ አስቀምጥ። ከማጥበቅህ በፊት ሁለቱንም ወደ አፈሙዙ ገፋ አድርግ፣ የሐዲዱን ጥርስ የፊት ግድግዳ እስኪነኩ። ጠመንጃው ሲመታ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስኮፑ ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ ከጠመንጃው አንጻር ወደ ፊት ይገፋል። ቀድመህ ወደ ፊት ካስጠጋኸው የሚሄድበት ቦታ የለውም። ይቺን ትንሽ ነገር ስንቱ ይረሳታል!

አሁን ስኮፑን በዝግታ አጋድመው። በራሱ ክብደት ቁጭ ማለት አለበት። አንዱ ቀለበት ላይ ተቀምጦ በሌላው ላይ አየር ካየህ፣ ክዳኑን ስታጠብቅ ቱቦውን ልታጎብጠው ነው።

ደግሞ የአንዳንዱ ቀለበት የፊተኛው እግር ሐዲድ ውስጥ ገብቶ በመዞር ነው የሚቆለፈው። እሱን በስኮፑ እንዳታዞረው። ስኮፕ መፈንቅል አይደለም። የቱቦውን ውፍረት የሚያክል ክብ እንጨት አስገብተህ በሱ አዙር።


ማለዳ_ወጪ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄንን አትሜ ነው የምይዘው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀለበቶቹ አንድ መስመር ላይ ባይሆኑ ውስጣቸውን በብርጭቆ ወረቀት ልሞርዳቸው? አንድ ቦታ አንብቤ ነበር።


ብሩጎላ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:38

አይሆንም! በጣት የተያዘ ብርጭቆ ወረቀት ቀለበቱን እንቁላል ያደርግልሃል።

ያነበብከው ሌላ ነገር ነው። በልኩ የተሠራ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ አለ። በሁለቱም ቀለበት ውስጥ ባንድ ጊዜ ያልፋል፣ በላዩ የሚፍቅ ቅባት ይደረጋል፣ ወዲያ ወዲህ እየተሳበ ሁለቱንም ባንድ ላይ ያስተካክላቸዋል። ያ ይሠራል። ግን የተፋቀ ብረት አይመለስም። ጥሩ ቀለበትና አንድ ወጥ ሐዲድ ከሆነ ደግሞ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ቀለበቶቹን አቀያይራቸው፣ የፊቱን ወደ ኋላ። አንዳንዴ በዚያው ያልቃል።


አወያይ
ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

ውይይቱ ጥሩ ስለሆነ ወደ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እግረ መንገዴን የራሴን ልጨምር፤ ስለ ዓይን ርቀት እስካሁን ማንም አላነሳም።

የግራ ቅንድቤ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ጠባሳ አለች። ግራኝ ነኝ። ስኮፑን የገጠምኩት ጠረጴዛ ላይ፣ በስስ ሸሚዝ፣ ማጉያውን 3 ላይ አድርጌ ነበር። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ታየኝ። ያኔ ያላወቅኩት ነገር፣ ማጉያው ዝቅ ሲል ዓይን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢልም ምስሉ ይሞላል። ከፍ ሲል ግን ቦታው ይጠባል። አደን ላይ ሆዴ ላይ ተኝቼ 9 ላይ አደረግኩት፣ ዙሪያው ጠቆረ፣ ለማየት አንገቴን አስረዘምኩ፣ ተኮስኩ። የቀረውን ቅንድቤ ይናገር።

ስለዚህ ማጉያውን ከፍተኛው ላይ አድርጉ። አደን ስትወጡ የምትለብሱትን ወፍራም ጃኬት ልበሱ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አድርጉ፣ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ በለመዳችሁት ቦታ አሳርፉ። ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። ዙሪያው ጥቁር ጥላ ካለው ስኮፑን ነው የምታንቀሳቅሱት፣ ራሳችሁን አይደለም። ቆማችሁም፣ ተቀምጣችሁም፣ ተኝታችሁም ሞክሩ። ተኝቶ ሲተኮስ ራስ ወደ ፊት ይሄዳል። ብዙ የአደን ስኮፕ ከዓይን ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ርቆ ነው ሙሉ ምስል የሚሰጠው። ከተጠራጠራችሁ ራቅ ያለው ይሻላል።


የድሮ_አዳኝ
ማክሰኞ፣ ቀን 6:50

ከፍታውንም አትርሱ። ስኮፑ አፈሙዙን ሳይነካ የቻለውን ያህል ዝቅ ይበል። የፊቱ መስታወት ቤት ከብረቱ ጋር ከተነካካ ዜሮ የሚባል ነገር አታገኙም። ማቀባበያው ሲነሳ የኋላውን የሚመታ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ ቀለበት ነው የሚፈለገው። በጣም ከፍ ካለ ግን ጉንጭ ከሰደፉ ይለቃል፤ በአገጭ የሚተኩስ ሰው አይቻለሁ።


ቱንቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:20

በስሜ የተጠራሁ ይመስል መጣሁ። ስኮፑ ውስጥ የሚታየውን መስቀል ስለማቅናት ነው የምጽፈው።

ብዙ ሰው ስኮፑን በዓይን ግምት ያቀናዋል። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ቀጥ ብሏል» ይላል። ግን ሁላችንም ጠመንጃ ስንይዝ ትንሽ እናዘነብላለን። ያዘነበለውን ጠመንጃ አይቶ ያዘነበለ መስቀል ይገጥማል።

ጠመንጃው ዘንበል ሲል ጥይቱ ወደዘነበለበት ጎን ይሄዳል፣ ትንሽም ይወርዳል። 100 ሜትር ላይ አይታወቅም፤ 3 ዲግሪ ብታጋድለው ከ1 ሳንቲሜትር አይበልጥም። የተለመደ የአደን ጥይት 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ግን አፈሙዙ ካነጣጠረበት መስመር ከ80 እስከ 90 ሳንቲሜትር ያህል ወርዷል። ያንን ውድቀት ለማካካስ አፈሙዙን ወደ ላይ ቀና አድርገኸዋል። ጠመንጃው ካዘነበለ ያ ቀናነት በከፊል ወደ ጎን ይሄዳል። በ3 ዲግሪ 4.5 ሳንቲሜትር ገደማ፣ በ5 ዲግሪ 7.5። ነፋስ ነው ብለህ ታማዋለህ፤ ነፋሱ ግን የለበትም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ክር ላይ ከባድ ነገር አስረህ 20 ሜትር ራቅ አድርገህ ስቀል፤ ቱንቢ ማለት ነው። ጠመንጃውን በከረጢት ወይም በመያዣ አስቀምጥ። ትንሽ ውሃ ልክ ሐዲዱ ላይ አድርገህ ጠመንጃውን አቅና። ከዚያ ክዳኑን ሳታጠብቅ ስኮፑን እያዞርክ የመስቀሉን ቋሚ ክር ከተሰቀለው ክር ጋር አጋጥም። ዓይን ሁለት ክር ጎን ለጎን ሲያይ አይሸወድም።


ዓይናማ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:47

ቱንቢ ወንድሜ፣ በሒሳቡ አልከራከርህም፤ አንድ ነገር ግን አደባልቀሃል።

ሁለት የተለያየ መጣመም አለ። አንዱ ጠመንጃው ከስኮፑ አንጻር መጣመሙ ነው። ሌላው መስቀሉ ከመሬት ስበት አንጻር መጣመሙ። አንተ ያሰላኸው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው እኮ ምንም አይደለም ማለት ይቻላል። ስኮፑ ከአፈሙዙ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል፣ ጠመንጃው ከሥሩ 3 ዲግሪ ቢዞር፣ አፈሙዙ ወደ ጎን የሚሄደው 2 ሚሊሜትር ነው። 100 ላይ ዜሮ ካደረግከው 300 ላይ 4 ሚሊሜትር ትስታለህ። በአራት ሚሊሜትር የሳተ እንስሳ አላየሁም።

ስለዚህ ሰው ሐዲዱ ላይ ውሃ ልክ አድርጎ ሲጨነቅ ባይ ይገርመኛል። ዋናው ስትተኩስ መስቀሉ ቱንቢ መያዙ ነው።


ቱንቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

እውነትሽን ነው፣ አደባልቄዋለሁ። ግን እህቴ፣ ሰው ጫካ ውስጥ ሆኖ መስቀሉን በምን ያቀናል? እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ጠመንጃው እጁ ውስጥ ቀጥ ሲል መስቀሉም ቀጥ እንዲል አድርጎ ካልገጠመው፣ ሁለቱ እጁ ላይ ሲጣሉ ይውላሉ። ለዚህ ነው ሁለቱንም የማቀናው።


ዓይናማ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:11

ይሄኛውን እቀበላለሁ። እንዲያውም ሳይዘነብል ትከሻው ላይ የማይቀመጥለት ሰው ጠመንጃውን እንደያዘው ትቶ መስቀሉን ለቱንቢው ቢያቀናው ይሻለዋል ባይ ነኝ። ከአካሉ ጋር ከሚታገል።

ማለዳ_ወጪ፣ ስታጠብቅ ልብ በል። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ክዳኑ ስኮፑን ይዞት ይዞራል፣ ያቀናኸው ሁሉ ይበላሻል። በሰያፍ፣ ሩብ ሩብ ዙር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው። በክዳኑና በታችኛው ግማሽ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ሲያልቅ ቱንቢውን እንደገና እየው።


ማለዳ_ወጪ
ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ፈታሁት። ቱቦው ላይ የቀለበቱ ማኅተም አለ፣ አንቄው ነበር ማለት ነው። ግን የተፋቀ መስመር የለውም፤ አልተንሸራተተም። ቀለበቶቹም ስኮፑ በራሱ ክብደት ቁጭ ይልባቸዋል።

ከሐዲዱ ሥር ግን ፊት ለፊት በኩል ጋሼ ያሉት የሚያብለጨልጭ ቦታ አለ! የማይገባኝ ነገር፣ አራቱም ብሎኖች ጠብቀው ነበር። ስፈታቸው ጉልበት ፈጅተውብኛል።


ብሩጎላ
ረቡዕ፣ ማታ 1:36

አራቱን ብሎን ጠረጴዛ ላይ ደርድራቸው። እኩል ናቸው?


ማለዳ_ወጪ
ረቡዕ፣ ማታ 1:40

ሁለቱ ትንሽ ይረዝማሉ። ልዩነት አለው እንዴ?


ብሩጎላ
ረቡዕ፣ ማታ 1:44

አለው እንጂ! ረጃጅሞቹን የት ነበር የከተትካቸው?


ማለዳ_ወጪ
ረቡዕ፣ ማታ 1:52

በቅደም ተከተል አላሰብኩበትም። እጄ እንዳገኘው ነው። የፊተኛው አንዱ ረጅም ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ።


ብሩጎላ
ረቡዕ፣ ማታ 2:10

በቃ ተገኘ። የፊተኛው ቀዳዳ አጭር ነው፣ ከሥሩ የአፈሙዙ ጥርስ የሚገባበት ብረት አለ። ረጅም ብሎን ስትከትበት መሬቱን ይነካና ይቆማል። እጅህ «ጠበቀ» ይልሃል፤ ቶርክ ካቻቪቴ ብትጠቀም እንኳ ጠቅ ብሎ ያታልልሃል። ብሎኑ ግን የቀዳዳውን ወለል ነው የገፋው። ሐዲዱን አልያዘውም። የኋላዎቹ ይዘውታል፣ ፊቱ ይተነፍሳል። ለዚህ ነው አንዴ ግራ፣ አንዴ ላይ የሚሄድብህ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሐዲዱን አስቀምጠህ አንዱን ብሎን ብቻ እሰር፣ ሌሎቹን አትክተት። ሐዲዱን በጣትህ ነቅንቅ። የሚነቃነቅ ከሆነ ያ ብሎን ለዚያ ቀዳዳ ረጅም ነው። አራቱንም አንድ በአንድ እንዲህ ፈትሽ። ስትጨርስ ማቀባበያውን መልሰህ ክፈት ዝጋ፤ ከበፊቱ ከከበደ ብሎኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ እየነካው ነው።


ማለዳ_ወጪ
ረቡዕ፣ ማታ 2:38

ይነቃነቃል። በአንድ ጣት። አጭሩን ስከት ድርቅ አለ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ስኮፑን ስሰድበው ነበር።


ዓይናማ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:20

እንኳን ደስ ያለህ። ጥይት ከመጨረስህ በፊት ግን ሦስት ነገር አድርግ።

አንደኛ፣ የኋላውን የዓይን ማስተካከያ ወደ ነጭ ግድግዳ እያየህ አስተካክለው። አፍጥጠህ አትይ፤ ዓይን ራሱ አስተካክሎ ይዋሽሃል። ለቅጽበት እይ፣ ዞር በል፣ ትንሽ አዙር፣ እንደገና እይ። መስቀሉ ወዲያው ጥርት እስኪል ድረስ። ከዚያ ወዲያ አትንካው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን ማዞሪያዎች መሃል ላይ መልሳቸው። ስታስተካክል ስለከረምክ የት እንደደረሱ አታውቅም። ከዳር እስከ ዳር ቁጠርና ግማሹን ተመለስ። ጫፍ ላይ ስታስገድድ ግን እንዳይሰበር።

ሦስተኛ፣ ከመተኮስህ በፊት በአፈሙዙ ውስጥ እይ። ማቀባበያውን አውጥተህ፣ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አጽንተህ፣ 50 ሜትር ላይ ያለችውን ዒላማ በአፈሙዙ ክብ መሃል አድርጋት። ጠመንጃው ሳይነካ መስቀሉን ወደሷ አምጣው። ይሄ ወረቀቱ ላይ ያደርስሃል፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

ተኩሱን ከ25 ሜትር ጀምር። የስኮፕህ ጠቅታ አንድ አራተኛ ኤምኦኤ ከሆነ (ኤምኦኤም ሚልም የማዕዘን መለኪያ ናቸው)፣ 100 ሜትር ላይ አንዷ 7 ሚሊሜትር ገደማ ናት። 25 ላይ ደግሞ ሩቧ፣ ከ2 ሚሊሜትር ትንሽ የምታንስ። 0.1 ሚል ከሆነ ስሌቱ ይቀላል፤ 100 ሜትር ላይ 1 ሳንቲሜትር። በአንድ ጥይት ተነስተህ አታዙር። ሦስት ተኩስ፣ የሦስቱን መሃል ፈልግ፣ ከዚያ አዙር። አፈሙዙ ይቀዝቀዝ። ቸኩሎ የሚተኩስ ሰው የጋለ ብረት ነው ዜሮ የሚያደርገው፤ አደን ላይ የምትተኩሳት የመጀመሪያዋ ጥይት ደግሞ ከቀዝቃዛ ብረት ነው የምትወጣው።

ደግሞ ራስህን ሁሌ አንድ ቦታ አሳርፍ። ጠመንጃው ከረጢት ላይ ሳለ ሳትነካው ራስህን ትንሽ ወደ ጎን አድርግ። መስቀሉ ዒላማው ላይ ሲንሸራተት ካየህ ያ ፓራላክስ ነው። የጎን ማስተካከያ የሌላቸው ብዙ የአደን ስኮፖች ለ100 ሜትር አካባቢ ተስተካክለው ነው የሚወጡት፤ 25 ላይ መንሸራተቱ አያስደንግጥህ።


የድሮ_አዳኝ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:45

እኔ የምጨምረው የጥፍር ቀለም ነው። እያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ አንድ ቀጭን መስመር፣ ብሎኑንም ቀለበቱንም የምትነካ። ቱቦው ከቀለበቱ የሚገናኝበትም ላይ አንዲት ነጥብ። መስመሩ ከተሰበረ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል፤ ሳትተኩስ ታውቃለህ።


ማለዳ_ወጪ
እሑድ፣ ማታ 1:15

ተመልሻለሁ።

25 ሜትር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት 6 ሳንቲሜትር ዝቅ፣ 2 ወደ ቀኝ። አዙሬ ወደ 100 ሄድኩ። ሦስት ተኩሼ ጠበቅኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ሦስት ደገምኩ። ስድስቱም በመዳፌ ይሸፈናሉ፣ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ብለው። ስድስት ጠቅታ ወደ ታች።

ከዚያ የፈራሁትን አደረግኩ። 20 ጥይት በዝግታ ተኩሼ ብሎኖቹን በቶርክ ካቻቪቴ ፈተሽኩ። አንዱም አልዞረም። ዛሬ ጠዋት ከቀዝቃዛ ብረት አንድ ብቻ ተኮስኩ። መሃሉ፣ 1 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ቀኝ። ይቺን 1 ሳንቲሜትር ላስተካክላት?


የድሮ_አዳኝ
እሑድ፣ ማታ 1:22

በአንድ ጥይት? እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።


ማለዳ_ወጪ
እሑድ፣ ማታ 1:30

ከትቻለሁ ጋሼ። የጥፍር ቀለሙን ግን ባለቤቴ አይታዋለች። ቀዩን ነው የወሰድኩት፣ ለካ ውድ ነው።


ሰነፍ_ዕድለኛ
እሑድ፣ ማታ 3:05

እኔ እዚህ አልጻፍኩም በሉ። የኔን ስኮፕ እንደው ነካ አደረግኩት። የፊተኛው ቀለበት አንዱ ብሎን በጣት ዞረ። በጣት!


ብሩጎላ
እሑድ፣ ማታ 3:07

የጣትህ ቶርክ ስንት ነው?